ናፍጣ የማይሸትበት ከተማ

ሰኞ፣ ህዳር 8 ቀን 2018

እሁድ ሌሊት ከቦሌ ተነስተን የቻይናዋ ጓንዡ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የአምስት ሰዓት ልዩነት አለ። ሰውነቴ ገና ጠዋት ነው ይላል፤ ከተማው ግን ከሥራ ሊወጣ ነው። አውሮፕላኑን የሞላው እንደኔው ነጋዴ ነው። ጫማ የሚያመጣ፣ ስልክ የሚያመጣ፣ የሕፃናት ልብስ የሚያመጣ። ሻንጣው ባዶ፣ ጭንቅላቱ በሒሳብ የተሞላ።

እኔ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። የምይዘው የናፍጣ ሞተር ዕቃ ነው፤ ኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው)፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ጉርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ሸራ። ደንበኞቼ የኢሱዙና የቅጥቅጥ ባለቤቶች፣ በየጋራዡ ያሉ መካኒኮችም ናቸው። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ሰፈሩ «ይሄ የቤት መኪና ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካንም። አውቶብስና የጭነት መኪና ከናፍጣ አይላቀቅም» ተባባለ። እኔም ተጽናናሁ። ከዚያ አንድ ቀን መገናኛ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ትልቅ አውቶብስ ድምፁ ሳይሰማ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። መጽናናቴ እዚያው አበቃ።

ስለዚህ የዘንድሮ ጉዞዬ ሁለት ጉዳይ አለው። አንደኛው የተለመደው ግዢ ነው፤ ደብተሬ ላይ 24 ዓይነት ዕቃ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ሼንዘን ሄዶ ማየት ነው። ሼንዘን የከተማ አውቶብሶቹን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ላይ ነው። ከ16,000 በላይ አውቶብስ ማለት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ሆኖ የቀደመው ከተማ የለም። ስምንት ዓመት ሲሞላው ደግሞ አዲስ የነበረ ነገር ሁሉ ገመናው መታየት ይጀምራል። የመጣሁት ገመናውን ለማየት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሻዎቤይ የሚባል ሰፈር ተቀበለኝ። አፍሪካዊ ነጋዴ የሚበዛበት ነው፤ እንጀራም አይጠፋም። እዚህ ሲኖር ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቻይንኛውን ያንበለብለዋል። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ዝም ብለህ ተኛ» አለኝ። ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 9

ዮንግፉ መንገድ። የመኪና ዕቃ ገበያ ነው። ስለዚህ ቀን ብዙ የሚጻፍ የለም። ካልኩሌተር እየተቀባበልን ዋልን፣ ከሦስት ሱቅ ናሙና ወሰድኩ፣ እግሬ አበጠ።

አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ። ለ11 ዓመት ኖዝል የገዛኋት ሴትዮ አለች። ሱቋ በግማሽ ጠብቧል። ግማሹን ለወንድሟ ልጅ ሰጥታዋለች፤ እሱ የሚሸጠው የቻርጀር ገመድ ነው። ምን ሆና ነው ብዬ አስጠየቅኳት። «ድሮ የከተማ አውቶብስ ጋራዦች ነበሩ ደንበኞቼ። አሁን የቀራችሁት እናንተ ከሩቅ የምትመጡት ናችሁ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ህዳር 10

ጠዋት ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ ፈጣኑን ባቡር ይዘን ሼንዘን ሰሜን ወረድን። መቶ ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ እንደማለት። ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። የያዝኩት ሻይ እንኳን ሳይበርድ ደረስን።

ፉቲያን የሚባለው የመሃል ከተማ ክፍል ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ምሳ እንብላ አለ። እኔ አውቶብስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሥራው በሽታው ነው። መኪና የማውቀው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ በውጭ የሚያልፈው ኢሱዙ ስንተኛው ኖዝሉ እንደሚያስነጥስ እናገራለሁ፣ ቀልድ አይደለም። እዚህ ግን አውቶብስ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ ይሄዳል። የሚሰማው የጎማና የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ ነው። ሲነሳ ደግሞ ቀጭን «ሲር» የምትል ነገር አለች። አሥራ አንድ አውቶብስ ቆጠርኩ። ጆሮዬ ሥራ ፈታ።

እንዲያውም አንዱ ሊገጨኝ ነበር። ዞር ሳልል አስፋልቱ ላይ ወረድኩ፣ የአክስቴ ልጅ በኮቴ ጎተተኝ። መጀመሪያ ሰሞን የከተማው ነዋሪም በዚህ ተቸግሮ ነበር አሉ። አውቶብሶቹ ከመጠን በላይ ጸጥ ስላሉ ሰው ሠራሽ ድምፅ ይጨመርባቸው ብለው የጠየቁ ነበሩ። እኛ ጋ የጡሩምባው መከራ ስንት ነው፣ እዚህ ድምፅ ጨምሩልን ይባላል!

ከዚያ ተሳፈርን። ሁለት ዩዋን። ሳንቲም ሳጥን ውስጥ ይጣላል፣ መልስ የለም። ረዳት የለም። «ወራጅ አለ!» የሚል የለም፣ ቁልፍ ይጫናል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ አሮጊቷም ጋሪ የምትገፋዋም ያለ ደጋፊ ገቡ። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሞተር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እኛ አገር ያ ቦታ ምጣድ ነው፣ ያቃጥላል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የውሃ ጠርሙሴን ወለሉ ላይ አቆምኩት። ክዳኑን ከፍቼ ነው ያቆምኩት። ሦስት ፌርማታ ስንሄድ ውሃው ተወዛወዘ እንጂ አልተንቀጠቀጠም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ልጅ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቦታ ቀየረ።

ሹፌሩን ነበር የማየው። ፍሬን የሚረግጠው በጣም ጥቂት ነው። እግሩን ከነዳጁ (ልማድ ነው፣ ነዳጅ የለም) ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ የያዘውን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ይሰዳል። ይህ ማለት የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅም። የፍሬን ሸራ ደግሞ ደብተሬ ላይ ሰባተኛው ዕቃ ነው። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ጾም ስለነበር ምሳችን ኑድል በአትክልት ሆነ። «ሥጋ የለውም አይደል?» ብዬ አራት ጊዜ አስጠየቅሁ።

ሐሙስ፣ ህዳር 11

ዋናው ቀን ይህ ነው፤ በትክክል ለመናገር ዋናው ሌሊት።

የአክስቴ ልጅ ከሚያውቀው ሰው ጋር ተነጋግሮ አንድ የአውቶብስ ማደሪያ ግቢ አስፈቀደልኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ገባን። የማታው ተረኛ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሲጋራውን ከጆሮው ጀርባ የሰካ ሰው ነው። ድሮ የናፍጣ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ሥራዬን ሲሰማ ፈገግ አለና እጄን ጨበጠኝ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚጨበጠው ዓይነት።

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። የጋራዥ ወለል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቁር፣ የሚያንሸራትት፣ ዘይት የጠጣ። ይሄ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። አቧራ ብቻ። ናፍጣ አይሸትም። የጎማ ሽታና ከግድግዳው ባሻገር ሰው የሚጠብሰው ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

አውቶብሶቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይሰለፋሉ። ጓንት ያደረገ ልጅ ይመጣና ከጎኑ መዝጊያ ከፍቶ ሁለት ቻርጀር ይሰካል። አንዱን አስያዘኝ። ከባድ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ገመዱ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ልብህ የማይታጠፍ። ገፋ ሳደርገው «ቀጭ» አለ። ስክሪኑ ላይ 34 ከመቶ ይላል። አውቶብሱ ሲወጣ ሙሉ ነበር፣ 160 ኪሎሜትር ሠርቶ ነው የተመለሰው። ይህን መሰል አውቶብስ አንዴ ሲሞላ ከ200 እስከ 250 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ ለከተማ የቀን ሥራ ይበቃል። ደብተሬ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ትልቅ የናፍጣ አውቶብስ ለ100 ኪሎሜትር ከ35 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። ይሄ ለዚያው መንገድ ከ100 እስከ 120 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። የሁለቱን ዋጋ እያንዳንዱ በየአገሩ ያባዛው።

ከተሰኩት አውቶብሶች መሙላት የጀመሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ለምን ሁሉም አይጀምሩም አልኩ። ተረኛው ሰዓቱን አሳየኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት ይረክሳል። ሌላም ምክንያት አለው። መቶ አውቶብስ እያንዳንዱ 100 ኪሎዋት በአንዴ ቢስብ 10 ሜጋዋት ነው። ኮምፒውተሩ ተራ ያስይዛቸዋል፣ ቀድሞ የሚወጣው ቀድሞ ይሞላል። ከግቢው ጥግ ላይ የራሱ ትራንስፎርመር ቤት አለ፣ የእኔን ሱቅ ሦስት እጥፍ ያህላል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። አዲስ አበባ ስንከራከር የምንከራከረው ስለ አውቶብሱ ነው። ስንት ይሄዳል፣ ስንት ያወጣል፣ ዳገት ይወጣል ወይ። አውቶብሱን መግዛት ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ይህ ግቢ ነው። ቦታው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይቋረጥ መብራት፣ ተራ የሚያስይዝ ሰው። የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር የፈነዳ ጊዜ ስንት ቀን በሻማ እንዳመሸን ለተረኛው ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ «ተወው ወንድም ጋሼ፣ ይሄ አይተረጎምም» አለኝ።

ተረኛውም ያማረረው ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ መሬት ነው። ሼንዘን ውስጥ መሬት እሳት ነው። አውቶብስ ተጠጋግቶ ማደር ይችል ነበር፤ አሁን በየመሃሉ ቻርጀር ስላለ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ቀን ቀን ታዲያ ቻርጀሮቹ ሥራ እንዳይፈቱ ለታክሲና ለቤት መኪና ያከራዩዋቸዋል። ታክሲዎቹም፣ ከ20,000 በላይ ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ከሆኑ ቆይተዋል።

«ባትሪው ቢሞትስ?» አልኩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነበር፦ «የአምራቹ ዕዳ ነው።» ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲገዙ የአንድ አውቶብስ ዋጋ ወደ 1.8 ሚሊዮን ዩዋን ነበር፤ ከግማሽ በላዩን መንግሥት በድጎማ ሸፈነው። ኩባንያዎቹም አውቶብሱን በአንዴ አልገዙም፤ ለስምንት ዓመት በሊዝ ወሰዱት። ለእነዚያ ዓመታት ባትሪውንና ሞተሩን አምራቹ ዋስ ሆነ። ይህችን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። የእኛ ባለ ሚኒባስ በራሱ ብርና በባንክ ብድር ገዝቶ፣ ባትሪው ቢበላሽ ማንን ይይዛል?

ከመውጣታችን በፊት ጥገና ክፍሉን አየሁ። አንድ አውቶብስ ከኋላው ተከፍቶ ቆሟል። ፍሪሲዮን የለ፣ ካምቢዮ የለ፣ ማርሚታ የለ። ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማ የየራሱ ሞተር ስላለው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) እንኳን የለውም። በየቦታው ብርቱካንማ ገመድ ተዘርግቷል። እሱን በባዶ እጅ አይነኩትም፣ ከ500 ቮልት በላይ ነው። መካኒኩ ወፍራም የጎማ ጓንት አድርጎ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጧል። ልብሱ ንጹሕ ነው። እኔ የማውቃቸው መካኒኮች ሠርጋቸው ቀን እንኳን ጥፍራቸው ሥር ጥቁር አለ።

ሆቴል ስገባ ሊነጋ ነው። ደብተሬን አውጥቼ መሰረዝ ጀመርኩ። ኖዝል፣ ፖምፓ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ጉርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ሸራ። ከ24ቱ 15 ተሰረዘ። የቀሩት ጎማ፣ ኩሽኔት፣ ጎሚኒ፣ የመሪ ዕቃ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው። ጎማ እንዲያውም ይጨምራል፣ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይበላዋል። ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም።

አርብ፣ ህዳር 12

ሚካኤል ነው። ጠዋት ቤት ደወልኩ። ባለቤቴ እያሳለች ነው ያነሳችው። «ህዳር ሲታጠን አይደል፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጥሎ መተያየት አቅቶናል» አለችኝ። በ1911 የህዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን መታጠን የተለመደ ነው። እኔ ደግሞ ጭስ የሌለበት ከተማ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ።

ጭስ የለም ስል ግን ልጠንቀቅ። ቻይና ከግማሽ በላይ መብራቷን የምታመነጨው ከድንጋይ ከሰል ነው። ጭሱ ከአውቶብሱ ጭራ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። በዚህ እኛ እንበልጣለን። የእኛ መብራት ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ለማየት ወጣን። ከከተማው ወጣ ብሎ ባትሪ የሚቀየርበት ጣቢያ አለ። ሳይሰካ፣ ሳይጠበቅ፣ ባዶውን አውርዶ ሙሉውን መጫን ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና መጣ። ከሹፌሩ ክፍል ጀርባ ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ተሸክሟል። ያ ነው ባትሪው፤ ሦስት ቶን ገደማ ይመዝናል፣ 282 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከጣሪያው ላይ ክሬን ወረደ፣ ሣጥኑን እንደ ሳህን ክዳን አንስቶ ወሰደው፣ ሌላ አምጥቶ አስቀመጠ። ሹፌሩ ከወንበሩ አልተነሳም። ስልኩን ያያል። በሰዓቴ ያዝኩት፤ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ማኪያቶ አዘህ እስኪመጣልህ እንኳን ረዘም ይላል።

አፌን ከፍቼ እንዳየሁት አልክድም። ነገር ግን ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል ሲባል፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ከ100 እስከ 150። ከወደብ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደብ ለሚመላለስ ይበቃል። እኔ ወዲያው ያሰብኩት የጅቡቲን መንገድ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሰባት ስምንት እንዲህ ያለ ጣቢያ በረሃ ላይ መትከል ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ቁልቁለት ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪውን መልሶ ይሞላል ይባላል፣ እውነት ነው። ከተራራ ላይ ማዕድን ጭኖ ለሚወርድ መኪና ትልቅ ጥቅም ነው። የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጭኖ ከባሕር ጠረፍ ሽቅብ ይወጣል፣ ባዶውን ቁልቁል ይወርዳል። ባዶ መኪና የሚመልሰው ጉልበት ደግሞ ትንሽ ነው። በዚያ መስመር ላይ ከባድ ጭነት በኤሌክትሪክ የሚጎትተው እስካሁን ባቡሩ ነው፣ ከ750 ኪሎሜትር በላይ። ለጭነት የእኔ ብር ቢሆን ባቡሩ ላይ ነበር የማደርገው።

ለከተማ አውቶብስ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የናፍጣ ሞተር ያንን አየር ስቦ ነው የሚያነደው። እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ እያስታወከ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይጠባም። ከፍታው አይገባውም። የአየሩም ሁኔታ ለባትሪ ተስማሚ ነው፣ በረዶ የለ፣ እንደ አፋር ያለ ሙቀት የለ። ሼንዘን ሜዳ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ አውቶብስ ከዚህ የበለጠ ይጠቅማል። ይህን የምለው በራሴ ሱቅ ላይ እየፈረድኩ ነው።

ቅዳሜ፣ ህዳር 13

ወደ ጓንዡ ተመልሰን ግዢ ጨረስን። ኖዝል አልተውኩም። አገር ቤት ያለው ኢሱዙ ገና ብዙ ዓመት ይሮጣል፣ መኪና እኛ ጋ ቶሎ አይሞትም። ግን የልማዴን አንድ አራተኛ ብቻ ገዛሁ። ሴትየዋ ቁጥሩን ስታይ ምንም አላለችም። የወንድሟን ልጅ ጠርታ አስተዋወቀችኝ።

በተረፈው ብር 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት 12 ጥንድ ገዛሁ፣ መያዣቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሁለት ሙሉ የመፍቻ ስብስብም ጨመርኩ። የአክስቴ ልጅ «ማን ይገዛሃል?» አለ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ግን እኔ የማውቃቸው ልጆች ያንን ብርቱካንማ ገመድ በባዶ እጃቸው ሲይዙት ታየኝ።

ሰኞ፣ ህዳር 15

ማለዳ ቦሌ ገባሁ። ሻንጣዬን ሳልይዝ ስልኬ ጠራ። ሰባተኛ ሰፈር ያለ አንድ መካኒክ ነው፣ የድሮ ደንበኛዬ።

«ጋሼ፣ በሰላም ገቡ? ኖዝሏን አመጡልኝ?»

«አምጥቻለሁ። አራት።»

«አራት ብቻ? ምነው ጋሼ፣ ጠፋ እንዴ?»

ምን እንደምለው ግራ ገባኝ። «ጓንት አምጥቼልሃለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። «የምን ጓንት?»

«ነገ ሱቅ ና» አልኩትና ሻንጣዬን ማየት ጀመርኩ።